ለመካከለኛ ከተማ የትኛው የፍሳሽ ማጣሪያ ይሻላል? ከወንዙ ታች ካሉት ሰዎች እንጀምር

ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ የተጓዘ ሰው ቦርከናን ያውቀዋል። ወንዙ ከደሴ በኩል ይወርዳል። ኮምቦልቻ ላይ ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ትንንሽ ወንዞች ይቀላቀሉታል። ከዚያ ወደ ጨፋ ረግረግ ይዘልቃል፤ መዳረሻው የአዋሽ ተፋሰስ ነው። በበጋ ከአፋር በኩል ሳይቀር ከብት ወደ ጨፋ ይነዳል፤ ሣርና ውሃ የሚገኘው እዚያ ነውና። ዳር ዳሩን ደግሞ ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች አሉ።

ስለ ማጣሪያ ከማውራታችን በፊት ወንዙ ማን ዘንድ እንደሚደርስ እናስብ ብዬ ነው ከዚህ የጀመርኩት። ከላይ ያለው ከተሜ ውሃ ለቆ በሩን ዘግቶ ይወጣል። ከታች ያለው ሰው ያንኑ ውሃ ለከብቱ ያጠጣዋል። ልጁ ይዋኝበታል። ሰላጣውንም ያጠጣበታል።

«ለከተማችን ማጣሪያ ሊሠራ ነው» ሲባል ደስ ይላል። ግን የትኛው ዓይነት? ይህን ጥያቄ የምክር ቤት አባሉም፣ የውሃና ፍሳሽ ሠራተኛውም፣ ነዋሪውም ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ሊጠይቀው ይገባል። ከዚያ በኋላ ረፍዷል። ኮምቦልቻን የያዝኩት ለምሳሌ ነው። ሂሳቡ ለወልዲያም፣ ለደብረ ብርሃንም፣ ለሻሸመኔም ይሆናል።

ከቴክኖሎጂው በፊት ሂሳቡ

ቁጥሩ እንዲቀለን 100 ሺህ ሰው የሚኖርበት ከተማ እንያዝ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ100 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ሰው ላላቸው ከተሞች የተቀመጠው የውሃ አቅርቦት ግብ በቀን ለአንድ ሰው 80 ሊትር ነበር። ግቡ ቢሟላ ከተማው በቀን 8,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይጠቀማል። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ፍሳሽ ሆኖ ይመለሳል። 6,400 ሜትር ኩብ ማለት ነው።

የፍሳሹ ክብደት ደግሞ ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲበላ በሚወስደው ኦክስጅን ይለካል። ባለሙያዎች ቢኦዲ ይሉታል። ለአንድ ሰው በቀን 40 ግራም ብንይዝ ለከተማው 4,000 ኪሎ ይሆናል። በ6,400 ሜትር ኩብ ስናካፍለው በሊትር 625 ሚሊ ግራም እናገኛለን። ይህ ወፍራም ፍሳሽ ነው። ሰው እንደልቡ ውሃ በሚጠቀምበት አገር የዚህ ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። የእኛ ውሃ ስለሚያንስ ቆሻሻችን አይቀጥንም። የውጭ ንድፍ እንዳለ ተገልብጦ ቢሠራ ማጣሪያው ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚጨናነቀው ለዚህ ነው።

አሁን ወንዙን እንጨምርበት። በበጋ ወንዙ ቀንሶ በሰከንድ 200 ሊትር ብቻ ይፈሳል እንበል። የየወንዙ ልክ መለካት አለበት፤ ይህ ለማሳያ ነው። ከማጣሪያው የሚወጣው በሰከንድ 74 ሊትር ገደማ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ከአራቱ ሊትር አንዱ ከማጣሪያ የወጣ ነው ማለት ነው። ማጣሪያው 90 በመቶ ቢያጠራ እንኳ በሊትር 62 ሚሊ ግራም ይቀራል። ከወንዙ ጋር ሲደባለቅ ወደ 17 ይወርዳል። ጤናማ ወንዝ ግን ከ5 በታች ነው።

ይህን ቁጥር ሁለቴ አንብቡት። በጣም ጥሩ የሚባል ማጣሪያ ተሠርቶ እንኳ ትንሽ ወንዝ በበጋ ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ «የትኛው ማሽን?» ከሚለው ጋር «የወጣውን ውሃ በበጋ የት እናድርገው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። የእኔ መልስ ወደ እርሻ ነው። ከዛፍ፣ ከመኖና ከእህል ማሳ ይግባ። እስራኤል ከፍሳሿ 90 በመቶ የሚጠጋውን አጣርታ ለእርሻ ታውለዋለች፤ ውሃ የቸገረው አገር ፍሳሽን የሚያየው እንዲህ ነው። በክረምት ደግሞ ወንዙ ሞልቶ ስለሚወርድ የተጣራውን ይሸከመዋል።

ለእርሻ ከዋለ ግን የምንፈራው ነገር ይቀየራል። ቢኦዲ ለአፈር ያን ያህል ጠላት አይደለም። ጠላቱ ጀርሙ ነው፤ በተለይም የወስፋት እንቁላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመስኖ ያስቀመጠው ልክ በሊትር ከአንድ የትል እንቁላል እንዳይበልጥ ነው። ይህች ቁጥር ቀጥሎ የምናያቸውን አማራጮች ደረጃ ሙሉ በሙሉ ትገለብጠዋለች።

ትቦ ወይስ ቦቴ?

አብዛኛው ከተማችን የፍሳሽ ትቦ የለውም። ጉድጓድ ነው ያለው። አንዳንዱ ግቢ ሴፕቲክ ታንክ አለው፤ ሆቴሉ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ ሆስፒታሉ። ሌላው ተራ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። ስለዚህ «ማጣሪያ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ ፍሳሹ በምን ተጉዞ እንደሚደርስ ነው።

አንድ ቀን በሰፈራችን ጉድጓድ ሲመጠጥ ቆሜ አይቻለሁ። ቦቴው ቅያሱ ጠብቦት መኪናውን ከዋናው መንገድ አቆመና ጎማ ቱቦ በሦስት ግቢ አሳልፈው ዘረጉ። ሞተሩ ተነሳ። ትንሽ ሳበና ታነቀ። ልጁ ቱቦውን አወጣው፤ አፉ ላይ ፌስታልና የተጠቀለለ ጨርቅ ተሰክቷል። ያለ ጓንት በእጁ ነቅሎ ጣለው። ደግሞ አስገባው። አራት ጊዜ ታነቀ፣ አራት ጊዜ በእጁ ነቀለ። ሲጨርስ «የት ነው የምትደፉት?» አልኩት። «ከከተማ ወጣ ብሎ ገደል አለ» አለኝ። ገደሉ ሥር ምንጭ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

የዚያ ልጅ እጅ ከዓይኔ አልጠፋም። ስለ ፍሳሽ ስናወራ ስለ እሱ ጓንትና ቦትም እያወራን ነው።

አሁን ሂሳቡን እዩት። ደረቅ የጉድጓድ ሽንት ቤት በዓመት ለአንድ ሰው 40 ሊትር ያህል ዝቃጭ ያጠራቅማል። ለ100 ሺህ ሰው 4,000 ሜትር ኩብ ነው። አሥር ሜትር ኩብ በሚይዝ ቦቴ ሲሆን 400 ምልልስ። በሳምንት ስምንት! ሴፕቲክ ታንኮቹ ሲጨመሩ ይበዛል፤ ያም ሆኖ ሁለት ሦስት መኪና የሚወጣው ሥራ ነው። የዝቃጭ ማድረቂያ መደብ፣ ማጠራቀሚያ ገንዳና ጥቂት ሄክታር መሬት በቂ ይሆናል። በአንድ የበጀት ዓመት ሊጀመር ይችላል።

ትቦ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ማጣሪያው አይደለም፤ መሬት ውስጥ የሚቀበረው ትቦ ነው። ደግሞ ትቦ ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ሰፈር ትቦ ብትቀብሩ ቆሻሻው ውስጡ ይደርቃል። ማንሆሉ ይሞላል፤ ከዚያ መንገድ ላይ ይፈሳል። ትቦ ከተባለም ብራዚላውያን በ1980ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ያስፋፉትን ዓይነት እመርጣለሁ። ቀጭን ነው፣ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ በግቢዎች መካከል ያልፋል እንጂ መሀል አስፋልት አይቆፍርም። ዋጋውም በእጅጉ ይቀንሳል።

ስለዚህ ለመካከለኛ ከተማ ትቦውን መሀል ከተማ ላይ፣ ፎቅና ሆቴል በበዛበት ብቻ ይጀመር እላለሁ። ለቀሪው ቦቴ። ማጣሪያውም ሁለቱንም የሚቀበል ይሁን። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የጉድጓድ ዝቃጭ ከትቦ ፍሳሽ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። አንድ አሥር ሜትር ኩብ ቦቴ በሊትር 6,000 ሚሊ ግራም ቢኦዲ ቢይዝ 60 ኪሎ ነው። ይህ የ1,500 ሰው የአንድ ቀን ቆሻሻ ነው፤ በአሥር ደቂቃ የተደፋ። ቀጥታ ማጣሪያው ላይ ከገለበጡት ባክቴሪያው ይደነግጣል። መጀመሪያ ለብቻው ይዝቀጥ፤ ቀጥሎ ከላይ የቀረው ውሃ ብቻ ወደ ማጣሪያው ይግባ።

ኩሬ

የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው። ቀድሜ መናገሬ እንድትጠነቀቁኝ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር ጥልቀት ወዳለው ኩሬ ይገባል። እዚያ ከባዱ ነገር ይዘቅጣል፤ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ወደሚጠልቅ ሰፊ ኩሬ ያልፋል። እዚህ አልጌ ይበቅላል። አልጌው በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፣ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን ይተነፍሳል። አየር የሚነፋ ማሽን የለም። መጨረሻ ላይ አንድ ሜትር የሚሆኑ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች አሉ። የእነሱ ሥራ ጀርም መግደል ነው። ፀሐዩም፣ ጊዜውም፣ አልጌው የሚያመጣው የውሃ ጠባይ ለውጥም ይገድላል። የወስፋት እንቁላል ደግሞ ከባድ ነው። ውሃው ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ወርዶ ታች ይቀራል።

ጤናማ ኩሬ በሩቁ ይታወቃል፤ አረንጓዴ ነው። ጠዋት ሄዳችሁ ውሃው ወደ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ ካደላ ኩሬው ከአቅሙ በላይ እየበላ ነው። ኦክስጅን አልቆበት ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ተነስቷል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የሚጠብቀው ሰው ዓይን ይበቃል። ሥራውም መግቢያው ላይ ያለውን ወንፊት መጥረግ፣ ተንሳፋፊውን መግፈፍ፣ ዳሩን ማጨድ፣ ፍየል እንዳይገባ አጥር መጠገን ነው። የመጀመሪያው ኩሬ በየጥቂት ዓመቱ ዝቃጩ ይወጣለታል። ይህ በበጀት ውስጥ ካልተያዘ ኩሬው ቀስ እያለ ይሞላል። ኩሬ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ በድንገት ሳይሆን በመረሳት።

ችግሩ መሬት ነው። እስከ ጀርም መግደያው ድረስ የተሟላ የኩሬ ማጣሪያ ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 5 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ለ100 ሺህ ሰው ከ30 እስከ 50 ሄክታር። በድሮው ልክ አንድ ጋሻ ገደማ ነው። ደጋ ሲሆን ደግሞ ብርዱ ባክቴሪያውን ስለሚያዘገየው ወደ ትልቁ ቁጥር ያደላል። ይህ መሬት የገበሬ ነው። ካሳው በወረቀት ሳይሆን በእጁ መድረስ አለበት። ከተማው ሳይሰፋ ዛሬ ካልተያዘ ከአሥር ዓመት በኋላ በምንም ዋጋ አይገኝም። ሽታም አለ፤ ስለዚህ ከመኖሪያ ቤት ይራቅ፣ ነፋሱ ወደ ከተማ በማይነፍስበት በኩል ይሁን።

አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ መጀመሪያ የሠራችው ኩሬ ነበር። የናይሮቢ ትልቁ ማጣሪያም፣ ዳንዶራ፣ ኩሬ ነው። የድሃ መፍትሔ ተብሎ የሚናቀው ያለ አግባብ ነው።

ማሽን የሚነፋው፦ አክቲቬትድ ስላጅ

ይህ በ1914 በአውሮፓ አቆጣጠር ማንቸስተር ውስጥ የተወለደ ዘዴ ነው። ዓለምን የሸፈነውም እሱ ነው። የኮንክሪት ገንዳ አለ፣ ውስጡ ባክቴሪያ የሞላበት ቡናማ ውሃ አለ። ብሎወር ሌት ተቀን አየር ይነፋል። ባክቴሪያው ቆሻሻውን በልቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በቀጣዩ ገንዳ ይዘቅጣል፤ ከፊሉ ተመልሶ ይገባል። ቦታው ትንሽ ነው። ለ100 ሺህ ሰው ከአንድ ሄክታር ትንሽ ከፍ ብሎ እስከ ሁለት ሄክታር ተኩል ይበቃዋል። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ነው። ለጎብኚ ሲታይ ደስ ይላል። አማካሪዎችና አቅራቢዎችም ይወዱታል።

እኔ ግን ለመካከለኛ ከተማ ስፈራው ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው መብራት። በቀላሉ የሚያዘው፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚነፋው ዓይነት በዓመት ለአንድ ሰው ከ20 እስከ 35 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ለከተማችን ከ2 እስከ 3.5 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት። በየወሩ ይህን የሚከፍል የውሃ አገልግሎት አለ ወይ? ታሪፉስ? መብራት ለግማሽ ቀን ሲጠፋ ባክቴሪያው መታፈን ይጀምራል። ለቀናት ከጠፋ ይሞታል፤ እንደገና ለማራባት ሳምንታት ይፈጃል። በ2014 ጦርነቱ ወሎ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ ኮምቦልቻና ደሴ አይረሱትም። ኩሬ ቢሆን ፀሐይ እስከወጣች ይሠራል።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። አየር ሲሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው አራት አምስተኛው ያህል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ደግሞ ሦስት አራተኛው። ስለዚህ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ትልቅ ብሎወርና ብዙ መብራት ያስፈልጋል። አቅራቢው ያመጣው ስሌት በስንት ሜትር ከፍታ እንደተሠራ ጠይቁ። መልሱ ካልመጣ አትፈርሙ።

ሦስተኛው ጀርሙ ነው። ጥርት ያለው ውሃ ንጹሕ ይመስላል፤ አይደለም። ይህ ዘዴ ብቻውን ከሰገራ ባክቴሪያ ከ90 እስከ 99 በመቶውን ያስወግዳል። 99 በመቶ ትልቅ ይመስላል። ግን በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አሥር ሚሊዮን የነበረው ባክቴሪያ መቶ ሺህ ሆኖ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 በአውሮፓ አቆጣጠር ጥሬውን ለሚበላ ሰብል መስኖ ያስቀመጠው ልክ ግን አንድ ሺህ ነበር። ስለዚህ ክሎሪን ይጨመርበት ይባላል። ክሎሪን ደግሞ በየወሩ ይገዛል፤ ሲያልቅ ማንም አይናገርም። የወስፋትን እንቁላል አይገድለውም። ከበዛም ዓሣ ይፈጃል።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ቦታ በሌለበት፣ የሠለጠነ ሰው ባለበት፣ መብራቱም አስተማማኝ በሆነበት ጥሩ ማጣሪያ ነው። ጥሩ ኦፕሬተር ያለበት ጣቢያ ስትሄዱ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት ከገንዳው በአንድ ሊትር መለኪያ ቡናማውን ውሃ ይቀዳና ጠረጴዛ ላይ ያቆመዋል። ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል። ዝቃጩ ወርዶ ከላይ ንጹሕ ውሃ ከቀረ ዛሬ ሰላም ነው። ተንሳፎ ከቀረ ወይም እንደ ጥጥ አብጦ ካልወረደ ችግር መጥቷል። ያንን መለኪያ ማን ያነሳል? ደመወዙስ ስንት ነው? ሌላ ቦታ ተሻሽሎለት ሲሄድ ማን ይተካዋል? ምርጫው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

መሀከለኛው መንገድ፦ ዩኤኤስቢና የድንጋይ ማጣሪያ

አዲስ አበባ ቃሊቲን ስታስፋፋ የመረጠችው ይህን ነው። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ ነው።

ዩኤኤስቢ በሚባለው ገንዳ ውስጥ ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ በቀስታ ይወጣል። መንገድ ላይ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች የሠሩት ወፍራም የዝቃጭ ብርድ ልብስ ያጋጥመዋል። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት በሚፈጅ ቆይታ ውስጥ ቢኦዲው ከ60 እስከ 75 በመቶ ይቀንሳል። መብራት አይበላም፤ እንዲያውም ባዮጋዝ ይሰጣል። ዘዴውን ሆላንዳዊው ጋትዘ ሌቲንጋ በ1970ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው ያዳበረው። በከተማ ፍሳሽ ላይ በስፋት የተፈተነው ግን ሞቃት አገር፣ ኮሎምቢያ ካሊ ከተማ ውስጥ ነው። የቀረው ውሃ ከድንጋይ ክምር ወይም ከፕላስቲክ ላይ ይረጫል። የሚረጨው ክንድ በራሱ በውሃው ግፊት ይዞራል። ድንጋዩ ላይ የሚያድግ ልጋግ መሳይ ባክቴሪያ ቀሪውን ይበላል፤ አየሩ በድንጋዩ መካከል በራሱ ይገባል።

ቦታው ከአክቲቬትድ ስላጅ ጋር ተመጣጣኝ ነው፤ የመብራት ፍጆታው ፍሳሹን ለማንሳት ካልሆነ በቀር ወደ ዜሮ ይጠጋል። ለእኛ የተሠራ ይመስላል። ጉድለቱ ግን ሙቀት መፈለጉ ነው። ፍሳሹ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ደስተኛ ነው፤ ከ15 በታች ሲወርድ ይሰንፋል። ኮምቦልቻ ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ግን አልሞክረውም። ከዚህም ሌላ ባዮጋዙ ካልተቃጠለ ሜቴን ሆኖ ይወጣል፤ ይሸታል፣ አየር ንብረቱንም ይጎዳል። ጀርሙም እንደ አክቲቬትድ ስላጅ ይቀራል። ስለዚህ ከኋላው ጥቂት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች እጨምርበታለሁ። መሬቱ ከሙሉ የኩሬ ማጣሪያ ያንሳል፤ ውሃውም ለገበሬው የሚሆን ይሆናል።

የቀሩት ሁለቱ

ሰው ሠራሽ ረግረግ አለ። ጠጠር የተሞላ መደብ ላይ ፊላ፣ ደንገል ወይም ሸምበቆ ይተከላል፤ ፍሳሹ በሥሩ ያልፋል። ያምራል፣ ወፍ ይስባል። ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታል፣ ለአንድ ኮንዶሚኒየም ሰፈር እመክረዋለሁ። ለሙሉ ከተማ ግን እንደ ኩሬ ብዙ መሬት ይበላል፤ ጠጠሩ ሲደፈን ደግሞ አውጥቶ ማጠብ ጣጣ ነው።

ሜምብሬን ሌላው ነው። ውሃው እጅግ በቀጭን ቀዳዳ ውስጥ ተስቦ ይወጣል። ጥራቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ባክቴሪያ እንኳ በአብዛኛው አያልፍም። ዋጋውም፣ መብራቱም ከሁሉም ይበልጣል። ሜምብሬኑ ጊዜው ሲደርስ በውጭ ምንዛሪ ይተካል። ለመካከለኛ ከተማ አይሆንም።

ፋብሪካዎቹን ለብቻ

ከላይ የተባለው ሁሉ ለሰው ፍሳሽ ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ቢራና ሥጋ ማቀነባበሪያ ያለበት ከተማ ግን ሌላ ጥያቄ አለው። ኮምቦልቻ ከቆዩ የኢንዱስትሪ ከተሞቻችን አንዷ ናት። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም የተባለው ብረት ኩሬ ውስጥ ቢቆይ አይጠፋም፤ ዝቃጩ ውስጥ ይጠራቀማል። ዝቃጩ እርሻ ላይ ሲበተን ይከተላል። የጨርቃ ጨርቅ ቀለም ደግሞ ውሃውን አጥቁሮ ፀሐይ ወደ ታች እንዳትገባ ስለሚከለክል አልጌው ይሞታል።

ስለዚህ ፋብሪካው በግቢው አጣርቶ፣ ተለክቶ ካልሆነ ወደ ከተማው ትቦ አይግባ። ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን መልሶ እንዲጠቀም፣ ወደ ሐይቁ እንዳይለቅ ተደርጎ ታስቧል። ስለዚህ አይቻልም የሚባል ነገር አይደለም። የቢራና የሥጋ ፍሳሽ ለዩኤኤስቢ ይስማማል፤ በስምምነትና በክፍያ ሊገባ ይችላል። የቆዳው በፍጹም።

እኔ ብሆን

መሬት ካለ፣ ከተማው ቆላ ወይም ወይና ደጋ ከሆነ፣ ሳላመነታ ኩሬ። መሬት ከተወደደና ሙቀቱ ከፈቀደ ዩኤኤስቢ፣ የድንጋይ ማጣሪያና መጨረሻ ላይ ኩሬ። ደጋ ሆኖ መሬትም ካለ አሁንም ኩሬ፤ ስፋቱን ጨምሮ። ደጋ ሆኖ መሬት ከሌለ የድንጋይ ማጣሪያውን ከመደበኛ ማዝቀጫ ገንዳ ጋር እሞክራለሁ። አክቲቬትድ ስላጅ የምቀበለው የአሥር ዓመት የመብራት ወጪና የኦፕሬተር ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ በጽሑፍ ሲቀርብልኝ ብቻ ነው።

ሁሉንም በአንዴ አልሠራም። ኩሬ በመስመር በመስመር ይሠራል። ዛሬ ለ30 ሺህ ሰው አንድ መስመር፣ ቤቶች ትቦ ሲያገኙ ሁለተኛው። ባዶ የተቀመጠ ትልቅ ማጣሪያ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው ቤቶች የሚገናኙለት። የቤት ማገናኛ ክፍያውንም በየወሩ ከውሃ ሂሳብ ጋር እከፋፍለዋለሁ እንጂ በአንዴ አልጠይቅም። ስድስት ልጅ ያላት እናት ያንን ብር ከየት ታመጣዋለች?

ጨረታው ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስገባለሁ፤ ኮንትራክተሩ ከርክክብ በኋላ ሁለት ዓመት ራሱ ያንቀሳቅሰው፣ የከተማውን ሠራተኞች እያሠለጠነ። የወጣው ውሃ በየወሩ ይለካ። ውጤቱ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከከተማው በታች ባሉት ቀበሌዎችም ጭምር።

ከሁሉ በፊት ግን ማድረቂያው ይቅደም። በዚህ በጋ ሊጀመር ይችላል። አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት መደብ፣ ከሥሩ ማንጠፈፊያ ትቦ። ዝቃጩ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይፈስበታል። በበጋ ፀሐይ ሁለት ሦስት ሳምንት በቂ ነው፤ ይሰነጣጠቃል፣ በአካፋ ይነሳል። የወስፋት እንቁላል ገና አልሞተምና ለአንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ጥላ ሥር ይከመር። ከዚያ በኋላ ለችግኝ ጣቢያ ይሆናል። በሩ ላይ ለቦቴዎቹ ክፍያው ዝቅ ያለ ይሁን፤ ገደሉ ከማጣሪያው ካልረከሰ ማንም ወደ ገደሉ አይመለስም። እዚያው በር ላይ አንድ ቧንቧ፣ ሳሙና፣ ጓንትና ቦት ይቀመጥ።